የሎኮ ቦታ

የእማማ ጥሩነሽን ዕረፍት የሰማሁት ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ነሐሴ ነበር። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ከዲላ ዝናብ ሸሽቼ ጎጃም ዝናብ ውስጥ ገብቼ፣ ከሰል ምድጃ ዳር በቆሎ እሸት እጠብስ ነበር። ስልኩ ሲጠራ የመሠረትን ስም አየሁና ደስ ብሎኝ አነሳሁት። መሠረት የእማማ ጥሩነሽ ምራት ናት። ጪጩ ገበያ አቮካዶ ትሸጣለች፤ ያለ ጉዳይ ካርድ የምታቃጥል ሴት አይደለችም፤ ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

"እትዬ" አለችኝ።

"ምነው መሠረት? እማማ ደህና ናቸው?"

"እማማ አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው።"

በቆሎው አረረ። እናቴ "ማን ሞተብሽ?" ብላ ስትጠይቀኝ ምን እንደምላት ጠፋኝ። ዘመዴ አይደሉ፣ ጎረቤቴ አይደሉ፤ ቤታቸውን እንኳ አላውቀውም። ቆጮ የምገዛቸው ሴትዮ ናቸው ብላት፣ ለቆጮ ሻጭ እንዲህ ይለቀሳል ወይ ብላ ትታዘበኛለች። "ደንበኛዬ ናቸው" አልኳትና ለቅሶዬን ቀጠልኩ።

እኔ ዲላ የገባሁት ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ ተቀጥሬ ነው። እኛ ጎጃሜዎች ክረምት የምናውቅ እኛ ብቻ ይመስለናል። በእኛ አገር ዝናብ ሰኔ ላይ ይገባል፣ መስከረም ላይ ይወጣል፤ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነው። የዲላ ዝናብ ግን እንደማያፍር እንግዳ ነው። በልግ ላይ ይመጣና ቁርስ ከበላሁ ምሳስ ምን አለበት እያለ እስከ ጥቅምት ይከርማል። በመጀመሪያው ዓመት ጫማዬ ቁምሳጥን ውስጥ ሻገተ፤ እኔም ከጫማው ብዙም አልተሻልኩም ነበር።

የቢሮ ባልደረቦቼ አዲሱን ቤትሽን አስመርቂን ብለው ያዙኝ። ክትፎ አቀርባለሁ አልኩ። "ታዲያ ቆጮውን ከጪጩ ግዢ፤ እዚያ ገበሬው ራሱ ነው የሚሸጠው" አሉኝ። ለእኔ ያን ጊዜ ቆጮ ስም እንጂ ጣዕም አልነበረውም። ሽታው ሲመጣ ትንፋሼን የምይዝ ሰው ነበርኩ። ቢሆንም እንግዳ አይናቅምና አንድ ቅዳሜ በማለዳ ጃንጥላዬን ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ።

የጪጩ ገበያ ከመንገዱ ዳር ያለ ተዳፋት ሜዳ ነው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ማጥ። ያን ቀን ማጡ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሙዙም፣ ጎደሬውም፣ አናናሱም፣ ጎመኑም በእንሰት ቅጠል ላይ ተዘርግቷል። ሴቶቹም የእንሰት ቅጠል፣ ኮባ የሚሉትን፣ ራሳቸው ላይ ደፍተዋል። ዝናቡ ቅጠሉን እየመታ ገበያው ሁሉ ይንሿሿል። ከአንዲት ዋንዛ ዛፍ ፊት ለፊት፣ በስተዳር፣ አንዲት ደንደን ያሉ ሴትዮ ነጭ ቆጮ ከፊታቸው ቆልለው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ሌላ ኮባ ተዘርግቷል፤ ምንም የለበትም።

"እናቴ፣ ቆጮው ስንት ነው?" አልኳቸው።

"አልሸጥም።"

"ታዲያ ምን ሊያደርጉት አመጡት?"

"ልሸጥ።"

አንድ የሚሉት ጨዋታ አለ ብዬ ጠበቅሁ። የለም። ፊታቸው የምራቸውን ነው።

"ገበያ ገና አልተከፈተም" አሉ። "ቆይ።"

"ሰው ሁሉ እየሸጠ እኮ ነው።"

"የሰው ተከፍቷል። የኔ አልተከፈተም። አንተ ከየት ነህ?"

ወንድ የቆመ መስሎኝ ዞሬ ኋላዬን አየሁ። ማንም የለም። "ከጎጃም ነኝ" አልኩ።

"እሺ ጎጃም። ና ቁጭ በል፤ ዝናብ ይመታሃል።"

እማማ ጥሩነሽ አማርኛን የተማሩት እዚያው ገበያ ላይ ሲሆን፣ አንተና አንቺን መለየት ጊዜ ማባከን ይመስላቸው ነበር። ሴቱንም ወንዱንም፣ ፖሊሱንም ነፍሰ ጡሯንም አንተ ነው የሚሉት። የሚገርመው፣ ሲቆጡኝ ብቻ አስተካክለው አንቺ ይሉኝ ነበር። ያን ዕለት ግን ገና አልተቆጡኝም። ኮባ አጥፈው አስቀመጡኝ፤ የእኔ ቢጤ እልኸኛ ደግሞ ሳይሸጡልኝ አልሄድም ብዬ ተቀመጥኩ።

ብዙ ቆይተን አንዲት ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ጨሌ ያሰሩ ሴትዮ ማጡን እየረገጡ መጡ። ጀርባቸው ላይ የቅቤ ቅል አዝለዋል። እማማ ጥሩነሽ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ጀምረው በኦሮምኛ ቁጣቸውን አወረዱት። ቋንቋውን ባላውቅም "የት ነበርሽ እስካሁን?" ማለት አስተርጓሚ አይፈልግም። መጪዋ ሳቁ። ቅላቸውን አወረዱና ባዶው ኮባ ላይ ተቀመጡ፤ በጣታቸው ቅቤ ዛቅ አድርገው እማማ ጥሩነሽ መዳፍ ላይ አኖሩ። እማማ ጥሩነሽም ከቆጮው ቆርሰው በቅጠል ጠቀለሉና ሰጧቸው። ሁለቱም የተቀበሉትን አሸተቱ።

"አሁን ተከፈተ" አሉኝ እማማ ጥሩነሽ። "ስንት ልስጥህ?"

አዴ ሎኮን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። አዴ ማለት እንደ እኛ እመቤት፣ ወይዘሮ ማለት ነው። ከገላና ቆላ ሌሊት ተነስተው በእግራቸው ይመጣሉ። ክረምት ሲገባ ሣሩ ይለመልማል፣ ላሞቹ ይታለባሉ፣ ቅቤው ይበዛል፤ ስለዚህ የሎኮ ወራት ክረምት ነው። በበጋ ከብቶቻቸውን ተከትለው ይርቃሉ። ደጋው ደግሞ በክረምት የቡናው ገንዘብ አልቆ፣ ቡናው ገና ሳይቀላ፣ ሰው ሁሉ በቆጮ የሚከርምበት ጊዜ ነው። የሁለቱ እናቶችም በዚያችው ቦታ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር አሉ። ከእናቶቻቸው የወረሱት ሥርዓት ነው፦ ሎኮ ባሉበት ወራት፣ መጀመሪያ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ ለሰው ይሸጣሉ። ሳይለዋወጡ የሰው ብር መቀበል ነውር ነው።

አንድ ጊዜ "የአዴ ሎኮ ቤት ሩቅ ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አላውቅም። አልሄድኩም።"

"እሳቸውስ የእርስዎን?"

"አልመጣም።" ከዚያ በመዳፋቸው መሬቷን መታ መታ አደረጓት። "የኛ ቤት ይቺ ናት።"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ያለ ጪጩ አይሆንልኝም ነበር። ለቆጮው ብዬ ነው እንዳልል፣ ቆጮውን ለመውደድ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ጉንፋን ጥሎኝ አንድ ቅዳሜ ስቀር፣ በማላውቀው ባጃጅ ነጂ ቡላ ላኩልኝ፤ "ገንፎ አርጎ ይብላ፣ ከዚያ ይመጣል" ብለዋል አለኝ። በላሁ፤ መጣሁ። ከዚያ በኋላ ትንፋሼን መያዝ ተውኩ።

ሰው ዋጋ ሲከራከራቸው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ተከራካሪው ይለምናል፣ ይምላል፣ የሌላውን ሻጭ ዋጋ ይጠራል፤ እሳቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላሉ። ሲደክመው ዓይናቸውን ገልጠው "ጨረስክ?" ይሉታል። ዋጋው ያው ነው። "ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው ቆጮ የሆነ" ይላሉ። "አንተ ደግሞ ለምን ትቸኩላለህ?"

ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነበራቸው። "እናትህ ዘነበላት?" ይሉኛል። መጀመሪያ ጊዜ "እንጃ" አልኩ። እንደ ሰነፍ ተማሪ አዩኝ። ከዚያ በኋላ ዓርብ ማታ ማታ እናቴ ጋ መደወል ጀመርኩ፤ ቅዳሜ መልስ እንዳላጣ። እናቴ "ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ ዝናብ ዝናብ ትላለች" ትል ነበር። ስለ ዝናቡ ከጠየቅኋት በኋላ ግን ስለ ጤፉ ታወራኛለች፤ ከጤፉ ወደ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ወደ ጉልበቷ ሕመም እንሄዳለን። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ አውርተን አናውቅም። እማማ ጥሩነሽ ይህን አስበው ይጠይቁኝ እንደሁ አላውቅም። የሚመስለኝ በእርግጥ የእናቴ ዝናብ ያሳስባቸው ነበር።

ከዚያ አንድ ክረምት መጣ፤ አዴ ሎኮ አልመጡም።

ከገላና ሌሎች ሴቶች ቅቤ ይዘው መጥተዋል። ሎኮን አላየናትም አሉ፤ እኛ በሌላ በኩል ነን አሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ እማማ ጥሩነሽ እስከ ቀትር ምንም ሳይሸጡ ቆዩ። የመጣውን ሰው ሁሉ "ቆይ" ይላሉ፤ ሰውም እየሳቀ ይሄዳል። ቀትር ላይ ከቆጮው ቆረሱ፣ በቅጠል ጠቀለሉ፣ ባዶው ኮባ ላይ አኖሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የምገዛውን ቆጮ እያስያዙኝ "ውሰድ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንደዚያው ሆነ። ማለዳ መጥተው ሁለት ኮባ ይዘረጋሉ። አንዱ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ላይ የሎኮን ቆጮ ያኖራሉ፣ ከዚያ ገበያቸው ይከፈታል። ሽንኩርት ነጋዴ መጥቶ ሊቀመጥ ሲል "ሰው አለበት" ይሉታል፤ ልክ ሚኒባስ ውስጥ ወንበር እንደሚይዝ ሰው።

"የት አለ ሰውየው?"

"መንገድ ላይ።"

ማታ ገበያው ሲበተን ጥቅልሏን አንስተው፣ ወደ ገላና የሚወርድ መንገደኛ ፈልገው ያስይዙታል። "ሎኮ የሚባል፣ ረጅም፣ ቅቤ የሚሸጥ ሴትዮ። ስጥልኝ።" ያገኙት ሁሉ ይቀበላል፤ ማን ቆጮ እምቢ ይላል?

እኔ አፌን መያዝ አይሆንልኝም። "እማማ፣ ገላና ውስጥ ሎኮ የምትባል ሴት ስንት አለች! ደግሞስ ይሄ ሰውዬ ገና ከዓይናችን ሳይሰወር ይበላዋል።"

"ይብላ። ከበላ ጠግቦ ይሄዳል። ካልበላ ይደርሳል።"

ያ ክረምት አለፈ። በጋው አለፈ። ቡናው ተለቅሞ፣ ዳግመኛ አብቦ፣ ሌላ ክረምት ገባ፤ አሁንም ሎኮ የሉም።

ከዚያ ሼዱ መጣ። ከገበያው ማዶ ጫፍ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ረጅም ሼድ ተሠራ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሼድ ነው። ማጥ የለም፣ ዝናብ የለም። ሴቶቹ ስንት ዘመን የጠበቁት ነገር ነበር፤ ቦታው በዕጣ ይከፈላል ሲባል ገበያው በእልልታ ተናወጠ። እማማ ጥሩነሽም ተሰልፈው አወጡ። መግቢያው አጠገብ፣ ሰው ሁሉ የሚመኘው ቦታ ደረሳቸው። ግን ከጠረጴዛው ፊት አልንቀሳቀስ አሉ።

"እማማ፣ ደረስዎት እኮ" አላቸው ዕጣ የሚያስወጣው ልጅ።

"የኔ ደረሰ። የሎኮስ?"

"ሎኮ ማን ናት? ትምጣና ታውጣ።"

"ይመጣል።"

"መቼ?"

"ክረምት።"

ልጁ ቀና ብሎ የሚወርደውን ዝናብ አየ። "እማማ፣ አሁን ክረምት ነው።"

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ዕጣዋን ለምራታቸው ለመሠረት ሰጧትና ወደ ዋንዛው ፊት ለፊት ተመለሱ።

ሁሉም ሰው ሼድ ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ የቀሩት እሳቸው ብቻ ሆኑ። ከመንገድ ሲያዩዋቸው ሆድ ይበላል። ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ ዝናብ፣ በመሀሉ አንዲት አሮጊትና ሁለት ኮባ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መሠረት ለምና ለምና አቃታትና እኔ ተራዬን ሞከርኩ።

"እማማ፣ አዴ ሎኮ ቢመጡ ሰው ጠይቀው ሼዱ ውስጥ ያገኙዎታል።"

"ሎኮ ሰው አይጠይቅም። የሎኮ እግር ይቺን ቦታ ነው የሚያውቅ።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አልኩ ለራሴ ያህል። ሰሙኝ።

"ላሟ ሰማይ አይደለችም! ገላና ናት። አንቺ ደግሞ ዝም በይ!"

አንቺ ሲሉኝ ደነገጥኩ። ዝናቡን አብረን አየነው። በመጨረሻ እሳቸው ናቸው የጀመሩት፦

"ጎጃም፣ ስማኝ። እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ እዚህ ተቀምጣ፣ የሎኮ እናት እዚያ ተቀምጣ ነበር። ባል ይሞታል። ልጅ አግብቶ ይሄዳል። ሎኮ ግን ክረምት ይመጣል። አሁን እኔ ወደዚያ ቆርቆሮ ሥር ብገባ፣ ሎኮ መጥቶ ባዶ መሬት ያያል። 'ጥሩነሽ ሞቷል' ብሎ ይመለሳል።" ቆጮውን በኮባ ሸፈን ሸፈን አደረጉት። "አልሞትኩማ።"

በሳምንቱ ከዲላ የሱቅ በረንዳ የሚያህል ትልቅ ጃንጥላ ገዝቼ ሄድኩ። መሬት ላይ የሚተከል፣ ቀይና ቢጫ። ተሳልመው ተቀበሉኝ፤ ለእኔም ለእናቴም ረጅም ዕድሜ መረቁ። በቀጣዩ ቅዳሜ ገና ከባጃጅ ስወርድ ጃንጥላው ከሩቅ ታየኝና ልቤ ሞላ። ቀረብ ስል ግን ጃንጥላው የተተከለው ባዶው ቦታ ላይ ነው። ከሥሩ የሎኮ ቆጮ፣ ደረቅ ብሎ፣ ተከብሮ ተቀምጧል። እማማ ጥሩነሽ ከጎኑ ኮባ ደፍተው በዝናብ ይበሰብሳሉ።

"እማማ!" አልኩ።

"ምነው? እኔ ኮባ አለኝ" አሉኝ። "ሎኮ ሲመጣ ግን ቅቤው ውሃ ሊገባበት ነው።"

ተናደድኩ። በኋላም ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስቄ ስቄ ዕንባዬ መጣ፤ ነጂው በመስተዋት ያየኝ ነበር።

ዘንድሮ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ልሰናበታቸው ስሄድ ሳል ይዟቸው ነበር። ሲስሉ ትከሻቸው ይነቀነቃል። መሠረት ሐኪም ቤት እንደወሰደቻቸው፣ መድኃኒት እንደተሰጣቸው፣ ግን ቅዳሜ ሲሆን የሚይዛቸው እንደሌለ በሹክሹክታ ነገረችኝ። እኔም ልቀልድ ብዬ "እማማ፣ ከጎጃም ምን ላምጣልዎት? ቅቤ ላምጣ? የጎጃም ቅቤ እኮ ስም ያለው ነው" አልኩ።

ጉንጬን በጭቃማ እጃቸው ነኩኝ። "የኔ ልጅ፣ ቅቤ ጠፍቶ ነው እንዴ?" አሉ።

ያን ቀን ሁለት ጥቅል ቆጮ ሰጡኝና ብር አልቀበል አሉ፤ አንዱ ለእናትህ ነው አሉኝ። ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ዞሬ አየኋቸው። ጃንጥላውን ንፋስ አዘንብሎት ስለነበር ተነስተው ያቃኑት ነበር።

ከፈቃድ ስመለስ ጳጉሜን ገብቷል። ቅዳሜ ማለዳ ጪጩ ወረድኩ። ለመሠረት ለቅሶ ልደርስ ነው፤ ሼዱ ውስጥ ፈለግኋት፣ አቮካዶ ያለበት ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። "እዚያ ናት" አለችኝ በአገጯ እያሳየችኝ።

መሠረት ዝናብ ላይ ነበረች። በአማቷ ቦታ፣ ኮባ ደፍታ፣ ከፊቷ ቆጮ ቆልላ። ከጎኗ ሁለተኛው ኮባ ተዘርግቷል፤ ቀይና ቢጫው ጃንጥላም ከላዩ ተተክሏል። ተቃቅፈን አለቀስን። ስንጨርስ "ሼዱን ተውሽው እንዴ?" አልኳት።

"አልተውኩም። እህቴን አስቀመጥኳት። እማማ አደራ ብለውኛል። ይሄ የራሳቸው እጅ ነው፤ በልጉ ላይ ፍቀው ጉድጓድ ያስገቡት። 'ጉድጓዱ እስኪያልቅ እዚያው ሽጪ፤ እሱ እስኪያልቅ አልሞትኩም' አሉኝ። ሊያልቅ ነው እኮ እትዬ። የዛሬና የሚቀጥለው ቅዳሜ ቢሆን ነው።"

ቆጮውን አየሁት። የሞተ ሰው እጅ ያለበት ምግብ ማየት ይከብዳል። ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ "እናትህ ዘነበላት?" የሚለኝ ሰው የለም። መጠየቅ ያለበትን ነገር የምታውቅ ያህል፣ መሠረት ትከሻዬ ላይ ኮባ ጣል አደረገችልኝ።

መጀመሪያ ቁመታቸውን ነው ያየሁት። ከታች ከመንገዱ በኩል አንዲት ረጅም ሴትዮ እየመጡ ነው፤ ጀርባቸው ላይ ቅል አለ። ከስተዋል፣ በበትር ይሄዳሉ። ሼዱን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። በዚያ ማጥ ውስጥ እንደ ቤታቸው ደጅ እየረገጡ፣ ቀጥ ብለው ወደ እኛ መጡ። እኔ ተነስቼ ቆምኩ።

አዴ ሎኮ ጃንጥላውን አዩ። ኮባውን አዩ። ቆጮውን አዩ። ከዚያ የመሠረትን ፊት፣ ከዚያ የእኔን።

"ጥሩነሽ ኤሳ?" አሉ። ጥሩነሽ የት አለች ማለታቸው ነው።

መሠረት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሌላ መልስ አላስፈለገም። አዴ ሎኮ ቅላቸውን ቀስ ብለው አወረዱና ጭቃው ላይ፣ ከኮባው ውጪ ተቀመጡ። ጨሌያቸውን በእጃቸው ጨብጠው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዙ ነበር። ከሼዱ ያዩ አሮጊቶች አንድ በአንድ እየወጡ መጡና ዙሪያውን በዝናብ ተቀመጡ፤ የቆየው ገበያ ለትንሽ ጊዜ ወደ ሜዳው ተመለሰ።

በኋላ እየቆዩ ተናገሩ፣ መሠረት እየተረጎመችልኝ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ከዚያ ጨለመ። ልጆቻቸው እናሳክምሽ ሲሏቸው "ለምን? ምን ላይበት?" ብለው እምቢ ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከደጋ የመጣ መንገደኛ ቤታቸው ደረሰ። ሎኮ የምትባል ረጅም ሴትዮ እየጠየቀ፣ ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ሲመራ ውሎ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አመጣላቸው። የላከችውን ሴት ስም ረስቶታል፤ በዕድሜ የገፋች፣ ቁጡ ሴት ናት ብቻ አለ።

"ዓይኔ አያይም ነበር" አሉ አዴ ሎኮ። "ስቀምሰው ግን አወቅኋት። ሰውየው ከየት እንደመጣ ጠየቅኩ፤ ከዋንዛው ፊት ለፊት ነው የሰጠችኝ አለ። ቦታዬ አለ ማለት ነው አልኩ። በማግስቱ ልጆቼን ጠርቼ፣ ዓይኔን አሳክሙኝ፣ ገበያ እሄዳለሁ አልኳቸው።"

ያኔ እማማ ጥሩነሽን ለአንዲት ደቂቃ ማግኘት ፈለግሁ። ስለ ሰማይ ላም ያልኩትን፣ መንገደኛው ይበላዋል ብዬ የሳቅሁትን ሁሉ ትቼ፣ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብዬ አንድ ቃል ብቻ፦ ደርሷል። እንደዚያ ቀን ሰው ናፍቄ አላውቅም።

አንድ ሰውዬ ከመንገድ ወረደ። የተፈጠረውን አያውቅም፤ ጃንጥላና ቅል አይቶ ነው የመጣው። "ቅቤው ስንት ነው?" አለ።

"ቆይ" አሉት አዴ ሎኮ በአማርኛ።

ተነስተው ከጭቃው ወደ ኮባው፣ ጃንጥላው ሥር ገቡ። በጣታቸው ቅቤ ዛቁ። መሠረት መዳፏን ዘረጋች። ቅቤውን አኖሩላት። እሷም ከእማማ ጥሩነሽ ቆጮ ቆርሳ፣ በቅጠል ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። አዴ ሎኮ ያን የተከፈተላቸውን ዓይን መልሰው ጨፈኑትና ቆጮውን አሸተቱ። ረጅም ጊዜ አሸተቱት።

"እሷ ናት" አሉ።

ሰውየው አሁንም ዝናብ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አዴ ሎኮ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት፣ ቅላቸውንም ወደ እሱ ገፋ አደረጉት።

"ገበያ ተከፈተ" አሉት።